ዊንዶውስ 11 እምቢ ያለው ላፕቶፕ፦ ከጅማ የተነሳ ጥያቄና የመልሶቹ ጉድ

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ያነሳችው ጅማ ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ ብዙም ሳይርቅ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ሴት ናት። ሥራዋን የምታውቁት ነው። የተማሪ ፕሮፖዛል ትተይባለች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ታስተካክላለች፣ ፕሪንት አድርጋ ትጠርዛለች። ላፕቶፗ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው፤ ኮር አይ5፣ 6ኛ ጄኔሬሽን፣ ራሙ 8 ጊጋ። ዲስኩ የድሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው። ዊንዶውስ 10 ተጭኖበታል።

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10ን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025 መሆኑ ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ቀኖች በፈረንጆቹ ነው የማስቀምጠው፤ የኩባንያው ቀጠሮዎች ስለሆኑ አለዚያ እንምታታለን። ሴትየዋ ወደ 11 ልታሳድግ ስትሞክር ፕሮሰሰሩ ከሚደገፉት ውስጥ እንደሌለ የሚገልጽ መልእክት መጣባት። ጥያቄዋ እንግዲህ ይኸው ነው። በግድ ቢጫንበት ይሠራል ወይ? ቢሠራስ አማርኛ የምትተይብበት ፓወር ግዕዟና ፕሪንተሯ ምን ይሆናሉ? የመመረቂያ ሰሞን እየደረሰ ስለሆነ ማሽኑ አንድ ቀን እንኳ እንዲቆምባት አትፈልግም። ሌላ የላትም።

1ኛው መልስ ሰጪ ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አድርሶ፣ እህቴ እያለ፣ አትስጊ በሚል መንፈስ ነው የጻፈላት። መንገዱ ሩፈስ በሚባለው ትንሽ ፕሮግራም በኩል እንደሆነ ነገራት። 8 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ትሰካለች፤ የዊንዶውስ 11ን አይኤስኦ፣ ማለትም ሙሉውን የመጫኛ ፋይል ትመርጣለች፤ ጀምር የሚለውን ስትጫን ባለ ምልክት ሣጥን ጥያቄዎች ይመጣሉ። አንዱ የራም፣ የሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ የሚደረገው የደህንነት ፍተሻ) እና የቲፒኤም 2.0 (ምንነቱ ወረድ ብሎ ይመጣል) ግዴታ እንዲቀር የሚያደርግ ነው። ሌላው የማይክሮሶፍት አካውንት ግዴታን ያነሳል። ሁለቱን ምልክት አድርጎ በዚያ ፍላሽ ማስነሳት ብቻ ነው። ፍላሹ ውስጥ ያለው ፋይል ሁሉ እንደሚጠፋ ማስጠንቀቁም ጥሩ ነበር። የከፋው መጨረሻ ላይ ነው፤ በዚህ መንገድ የማይጫንበት ኮምፒውተር እንደሌለ አድርጎ ደመደመ። ይህቺ አነጋገር ወደ ታች ስንወርድ ጣጣ ታመጣለች።

2ኛው ቢሮ ውስጥ አይቲ ሆኖ የሚሠራ ሰው ነው፤ እርማቱን በትህትና አቀረበ። ሰው ሁሉ ቲፒኤም ቲፒኤም ይላል እንጂ የእሷ ማሽን ዋና እንቅፋት እሱ እንዳልሆነ አስረዳ። በዚያ ዘመን የወጡ የቢሮ ላፕቶፖች ቲፒኤማቸው 1.2 ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ ለአንዳንዶቹ አምራቹ ወደ 2.0 የሚያሳድግ ፋይል አውጥቷል። ግን 2.0 ቢሆንላትም ፕሮሰሰሩ ያው 6ኛ ጄኔሬሽን ነው። ማይክሮሶፍት ከኢንቴል በኩል የሚቀበለው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው፤ ከ7ኛው ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከኤኤምዲ ደግሞ ከራይዘን 2000 ወዲህ። ስለዚህ ቲፒኤሙን ለማሳደግ መድከም ለዚህ ጉዳይ ትርፍ ልፋት ነው።

3ኛዋ ቲፒኤም ራሱ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ብዙ ሰው የማያውቀውን ግን የሚያፍርበትን ጥያቄ ስለጠየቀች ተባረኪ የሚያሰኝ ነው። 4ኛው መለሰላት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለች፣ ወይም ፕሮሰሰሩ ውስጥ የተሠራች፣ ምስጢራዊ ቁልፎችን የምትይዝ ክፍል ናት። ቁልፉ ከሣንዱቁ ሳይወጣ ሣንዱቁ ራሱ ከፍቶ የሚዘጋ ዓይነት ነገር አድርጎ ነው የገለጻት። ቢትሎከር ዲስኩን ሲቆልፍ የሚጠቀመው በእሷ ነው። ያለ እሷ ዎርድም፣ ብራውዘርም፣ ፕሪንተርም ይሠራል። ኩባንያው ግዴታ ያደረጋት ለደህንነት ነው እንጂ ሲስተሙ ያለ እሷ መነሳት ስለማይችል አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓት ነበር። 5ኛው ገባና ጨዋታውን አደፈረሰው።

ሰውየው ባጭሩ ያረጀ እቃ ላይ ጊዜ ማጥፋት ሞኝነት እንደሆነ፣ ንግድ የሚሠራ ሰው 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ገዝቶ መገላገል እንዳለበት ተናገረ። ሐሳቡ ሐሳብ ነው። አነጋገሩ ግን የንቀት ነበር። 6ኛዋ አለቀቀችውም። የጽሕፈት ቤት ገቢ ተማሪ ሲኖር የሚመጣ፣ ተማሪ ሲበተን የሚደርቅ መሆኑን አስታውሳ፣ ጠያቂዋ የጠየቀችው የግዢ ምክር እንዳልሆነ ነገረችው። አክላም የእሱ ዓይነት ምክር ከኪሱ ለማያወጣ ሰው ቀላል እንደሆነ ጣል አደረገች። 5ኛው ተመልሶ አልመጣም።

የክሩ፣ ማለትም የዚህ የመልስ ሰንሰለት፣ ትልቁ መልስ 7ኛው ነው። ጅማ መርካቶ አካባቢ የጥገና ሱቅ ያለው ሰው ነው የጻፈው። ስለ ዊንዶውስ ከመከራከራችን በፊት ዲስኩን እንመልከት ብሎ ነው የተነሳው። የሚሽከረከር ዲስክ ላይ ዊንዶውስ 11 መጫን ይቻላል፤ ግን ላፕቶፑ ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ደንበኛ ተስፋ ቆርጦ ሌላ ቤት ይሄዳል። ታስክ ማናጀር ተከፍቶ የዲስኩ መስመር 100 ላይ ተሰቅሎ ከቀረ፣ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረው ፈጣኑ ዲስክ።

ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ገባ፤ እኔም የወደድኩለት እዚህ ላይ ነው። ይህ ሞዴል ሁለት ቦታ አለው። አንዱ ባለ 2.5 ኢንቹ የተለመደው ማስቀመጫ ነው። ሌላው ደግሞ ኤም.2 የሚባለው፣ ማስቲካ የሚያህል ቀጭን ካርድ የሚገባበት። ስለዚህ ኤስኤስዲ ከመግዛት በፊት ጀርባውን ከፍቶ የትኛው ክፍት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ሲከፈት ቻርጀሩ ይነቀላል፣ የባትሪው ገመድም ይለቀቃል። አየር ማስወጫው ላይ የተጋገረ አቧራ ካለ ያኔውኑ ይጸዳል። ባትሪውንም በዓይን ማየት ነው። ታችኛው ክዳን አልገጥም ካለ፣ ወይም ማውዝ የሚነካበት ሰሌዳ ከአንድ ወገን ብድግ ብሎ ከታየና ሲጫኑት አልጫን ካለ፣ ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ያበጠ ባትሪ ይለወጣል እንጂ አይጫኑትም፣ አይበሱትም። ይህን ሲጽፍ ፊደሎቹ ላይ ቁጣ ነበረበት፤ በሱቁ ያየው ነገር ሳይኖር አልቀረም።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አንዲት ዘዴ ሰጣት። ዊንዶውስ 11ን አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ጫኚ። ሲጫን አሮጌው ዲስክ ላፕቶፑ ውስጥ አይኑር፤ ዊንዶውስ 10ና ፋይሎቹ እንዳሉ ወጥቶ ይቀመጥ። ነገሩ ካልተሳካ የድሮውን መልሶ መግጠም ነው፤ በዚያው ቀን ሥራ ይቀጥላል። ለጠያቂዋ ጭንቀት፣ ማሽኑ እንዳይቆምባት ማለቴ ነው፣ በቀጥታ የመለሰ ሰው እሱ ብቻ ነበር። እና ምስጋና ያገኘው ከ1ኛው ያነሰ ነው። እንግዲህ ሰው አቋራጭ ይወዳል።

8ኛው የሊኑክስ፣ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነው ሲስተም፣ ሰው ነው። በእንዲህ ዓይነት ወሬ ላይ እሱ ሳይመጣ አይቀርም መቼም። ሊኑክስ ሚንት 22 ነጻ እንደሆነ፣ ድጋፉ እስከ 2029 እንደሚዘልቅ፣ ስለ ፕሮሰሰር ጄኔሬሽን የሚጠይቅ እንደሌለ ዘረዘረ። ይህ ሁሉ ልክ ነው። በፍላሽ አስነስቶ ሳይጭኑ መሞከር እንደሚቻልም ነገራት፤ ይህም ጥሩ ምክር ነው። ችግሩ ጥያቄዋን በደንብ አላነበበም።

9ኛዋ ሌላ ከተማ ያለች የጽሕፈት ቤት ባለሙያ ናት፤ እሷ አፋጠጠችው። ተማሪው በፍላሽ የሚያመጣው የዎርድ ፋይል ነው። ማውጫው በራሱ የሚሠራ፣ የገጽ ቁጥሩ መጀመሪያ በሮማን ቀጥሎ በተለመደው የሆነ፣ ሠንጠረዥ የበዛበት። ያንን ሊኑክስ ላይ በዎርድ ፈንታ በሚሠራው በሊብሬ ኦፊስ ከፍቶ፣ አስተካክሎ፣ ተማሪው እንደገና በዎርድ ሲከፍተው መስመሩ ሊዛነፍ ይችላል። አማካሪው ደግሞ ማርጅኑን አይቶ ይመልሰዋል። ዩኒኮድ ያልሆኑት የድሮ የግዕዝ ፎንቶችም አሉ። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ አማርኛው ወደ ላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይለወጣል። በዚያ ላይ ፓወር ግዕዝ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። ይህን ሁሉ ለማን እንተወው ብላ ነው የጠየቀችው፤ ትንሽ ስለትም ነበረው።

10ኛው መልስ ያው የ8ኛው ሰው ነው፤ ተናዷል። ፎንት ሊኑክስ ላይም እንደሚጫን፣ አማርኛ ለመጻፍ ኪይማን እንዳለ፣ ችግሩ የሰው ልማድ እንጂ የሲስተሙ እንዳልሆነ ተከራከረ። ስለ ኪይማን እውነቱን ነው፤ እኔም የምጽፈው በእሱ ነው። ግን ፕሪንተሯ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 መሆኑን ጠያቂዋ በመሀል ስትገልጽ፣ ያ ፕሪንተር ሊኑክስ ላይ ከኤችፒ የሚወርድ ተጨማሪ ፋይል ካላገኘ እንደማይሠራ ራሱ ማመን ነበረበት። አመነ፤ ግን እያጉረመረመ። የሌላ ሰው ፋይል ለሚያስተካክል ቤት፣ የሌላው ሰው ፕሮግራም ያስገድዳል። ሊኑክስን ለራሱ ለሚጽፍ ሰው በደስታ እመክራለሁ፤ ለእሷ ግን አልመክርም።

በ11ኛው ላይ ከአጋሮ አንድ መምህር ገባ። የነገረን ጉድ ነው። ላፕቶፑን ለዊንዶውስ 11 ለማዘጋጀት ባዮሱን፣ ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳውን ፕሮግራም፣ አፕዴት ሊያደርግ ተነሳ። ክረምት ነው። ዝናቡ ይወርዳል። ባትሪው ሞቶ በቻርጀር ብቻ ነው የሚሠራው። መስመሩ መሀል ላይ እያለ መብራት ሄደ። ሲመለስ መብራቷ በርታ ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ከዚያ በኋላ አልተነሳም። የጥገና ሱቅ ያለው ሰው፣ 12ኛው ላይ ተመልሶ፣ ተስፋ እንዳይቆርጥ ነገረው። ባዮሱ ያለባት ስምንት እግር ያላት ትንሽ ቺፕ ናት፤ በመቆንጠጫ ተይዛ ፕሮግራመር በሚባለው መሣሪያ እንደገና ልትጻፍ ትችላለች። ትክክለኛው ፋይል መገኘት አለበት እንጂ ማዘርቦርድ መጣያ አይደለም። ጨምሮም፣ ባትሪው የማይይዝ ላፕቶፕ ላይ ባዮስ የሚነካ ሰው ካለ ዩፒኤስ ላይ ሰክቶ ይሁን፤ ዩፒኤስ ከሌለ አይንካው።

ከዚህ በኋላ ወሬው ተበታተነ። 13ኛው በጅማ ዝናብና በመብራት መሄድ ላይ ምሬቱን ገለጸ። 14ኛው ጄኔሬተር ያለው ካፌ የት እንደሆነ ጠየቀ። 15ኛው ካፌ ከተነሳ የአጋሮ ቡና ይሻላል ብሎ የሊሙን ወዳጆች ነካካ። የሊሙ ወዳጆችም ዝም አላሉም። ይህን ጨዋታ ልዝለለው፤ እኔ የሊሙ ነኝ።

ነገሩን ወደ መስመሩ የመለሰችው 16ኛዋ ናት። የ1ኛውን መልስ አምና ኮር 2 ዱኦ በሆነ ጥንታዊ ላፕቶፕ ላይ የቅርቡን ዊንዶውስ 11 ልትጭን ሞክራለች። በፍላሹ ሲነሳ መለያው ብቅ ይልና ማሽኑ ራሱን ያጠፋል፣ ይነሳል፣ ያጠፋል። ምስጋናዋን ሳይሆን ወቀሳዋን ይዛ ነበር የመጣችው። የ2ኛው ሰው ምክንያቱን አብራራላት። በ2024 ከወጣው 24ኤች2 ከሚባለው ቨርዥን ጀምሮ ዊንዶውስ 11 ፖፕካውንትና ኤስኤስኢ 4.2 የሚባሉትን የፕሮሰሰር ትእዛዞች ይፈልጋል። እነሱ በኢንቴል በኩል የመጡት ከመጀመሪያዎቹ ኮር አይ ፕሮሰሰሮች ጋር ነው፤ ኮር 2 ዱኦ የለውም። ይህ ደግሞ ጫኚው የሚጠይቀው ወረቀት አይደለም፤ ሩፈስ የሚያነሳው ነገር የለም። ትእዛዙ ሲመጣ ፕሮሰሰሩ አያውቀውም፣ በቃ። የጠያቂዋ 6ኛ ጄኔሬሽን ግን ሁለቱም አሉት፤ እሷን አይነካትም። 1ኛው ሰው ይቅርታ ጠይቆ አባባሉን አረመ፤ ጨዋነቱ አልለቀቀውም።

17ኛው ላይ የመጣው ሐሳብ ቀድሞ መምጣት የነበረበት ነው። በግድ የተጫነ ዊንዶውስ 11 በየወሩ የሚወጣውን የደህንነት አፕዴት አብዛኛውን ጊዜ ያገኛል፤ ማይክሮሶፍት ግን ዋስትና አልሰጠም። በየዓመቱ የሚወጣው ትልቁ ቨርዥን ግን በራሱ አይመጣም። እያንዳንዱ ቨርዥን ደግሞ ለተራው ተጠቃሚ የሚደገፈው 24 ወር ገደማ ነው። ጸሐፊው 23ኤች2ን በግድ ጭኖ ዘና ብሎ ተቀምጦ ነበር። የዚያ ቨርዥን ድጋፍ ሆምና ፕሮ ለሚባሉት የዊንዶውስ ዓይነቶች ኖቬምበር 11፣ 2025 አበቃ። ወሩን ሙሉ አዲስ ነገር ሳይመጣለት ሲቀር ነው የነቃው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። አዲሱን አይኤስኦ አውርዶ በሩፈስ ፍላሽ ሠርቶ፣ ዊንዶውሱ ክፍት እንዳለ ፍላሹ ውስጥ ያለውን የመጫኛ ፋይል ማስነሳት ነው። ፋይልም ፕሮግራምም ሳይጠፋ ይሻሻላል። ግን ማስታወስ ያለበት ሰውየው ነው እንጂ ማሽኑ አያስታውሰውም።

በእኔ እምነት የክሩ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው። ይጫናል ወይ ብሎ መጠየቅ ቀላሉ ጥያቄ ነው። ከባዱ በየዓመቱ ማን ያሻሽለዋል የሚለው ነው። ቤቱ ውስጥ ፍላሽ ሠርቶ ማሻሻል የሚችል ሰው ከሌለ፣ በግድ የጫነው ዊንዶውስ 11 ድጋፍ ካቆመው ዊንዶውስ 10 ብዙም አይሻልም።

18ኛዋ ሌላ አማራጭ አመጣች። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት እስከ ኦክቶበር 13፣ 2026 እንደሚሰጥ። ዊንዶውሱ 22ኤች2 የሚባለው ቨርዥን መሆን አለበት፤ ማይክሮሶፍት አካውንት ያስፈልጋል። ክፍያው 30 ዶላር ነው፤ ሴቲንጉን በአካውንቱ ባክአፕ ለሚያደርግ ሰው ግን ያለ ክፍያም ይከፈታል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። የዊንዶውስ 11 24ኤች2 ድጋፍ ለሆምና ለፕሮ የሚያበቃውም በዚያው ቀን ነው። ስለዚህ 24ኤች2ን ዛሬ በግድ ጭኖ የሚቀመጥ ሰውና በ10 ላይ ተመዝግቦ የሚቆይ ሰው እኩል ነው የሚሄዱት። የሚጭን ሰው ቢያንስ 25ኤች2ን ይጫን።

19ኛው የቴሌግራም ቻናል ሊንክ ይዞ መጣ። የተቀነሰ፣ የፈጠነ፣ ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ። ሰው ተረባረበበት። የጥገና ሱቁ ባለቤት ለሦስተኛ ጊዜ ተመልሶ፣ ማን እንደነካካው የማይታወቅ ዊንዶውስ ላይ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ሳያለሳልስ ነገረው። ክራክ መጀመሪያ ጸረ ቫይረሱን አጥፉልኝ እንደሚል፣ ከዚያ ምን እንደሚገባ ማንም እንደማያይ። ደግሞም ላይሰንስ ያለው ዊንዶውስ 10 የሚሠራበት ማሽን ወደ 11 ሲሄድ ሌላ ቁልፍ አይጠይቅም፤ ያው ላይሰንስ ይቀጥላል። ለተጨነቀ ሰው ደግሞ አይኤስኦውን ከማይክሮሶፍት አውርዶ፣ ሃሹን፣ ማለትም ፋይሉ አለመነካካቱን የሚያሳየውን ረጅም ኮድ፣ ገጹ ላይ ካለው ጋር ማስተያየት ነው። ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ ፓኬጅ ይበላል። ጓደኛ ካወረደው በፍላሽ መቀበልም ይቻላል፤ ሃሹ እስከገጠመ ድረስ ከየትም ቢመጣ ያው ነው። ሊንኩን አስተዳዳሪዎቹ አነሱት።

20ኛው መልስ የጠያቂዋ ነው። ኤስኤስዲ ገዛች፤ ክፍት የነበረው ኤም.2ው ነው። አሮጌው ዲስክ ወጥቶ መሳቢያ ውስጥ ገባ። 25ኤች2 በሩፈስ ተጫነ። ዋይፋዩም ድምጹም ወዲያው ሠሩ። የጣት አሻራ ማንበቢያው አልሠራም፤ ተጠቅማበትም አታውቅም። ፕሪንተሩ መጀመሪያ ስሙ ብቻ መጣና ወረቀት አላወጣም። ከኤችፒ ድራይቨሩን አውርዳ ስትጭን ተስተካከለ። ፓወር ግዕዝ ተነሳ፤ ፎንቶቹን ከአሮጌው ዲስክ ገልብጣ ጨመረች። ላፕቶፑ ተከፍቶ ዎርድ ላይ ለመድረስ የሚወስደውን ጊዜ ስትገልጽ ደስታዋ ያስታውቅ ነበር። የዓመቱን ማሻሻል ማን እንደሚሠራላት ግን አልነገረችንም። 17ኛው ጠየቃት፤ የጥገና ሱቁ ባለቤት ሱቁ ክፍት እንደሆነ አስታወቀ።

21ኛው ከርእሱ ወጣ ብሎ የ2012 ማክቡክ ኤር ይዞ መጣ። አፕል ካታሊና በሚባለው የማክ ሲስተም ላይ እንዳቆመበት፣ ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር በሚባለው ከዚያ በላይ መውጣት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። 22ኛዋ እንደሚችል፣ ራሙ ግን ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ 4 ጊጋ ከሆነ እንዳይደክም፣ ኤስኤስዲውም ተራው ኤም.2 ያለ ማገናኛ እንደማይገጥምለት ነገረችው። አስተዳዳሪው የራሱን ርእስ እንዲከፍት አሳሰበው። እሱ ግን አንዴ ገብቷልና፣ የማክቡኩን አምስት ማዕዘን ብሎን የሚፈታ መፍቻ ጅማ ውስጥ ማን እንደሚያውሰው ጠየቀ። የጥገና ሱቁ ባለቤት መፍቻው እንዳለው፣ እንደማያውሰውም፣ ላፕቶፑን ራሱን ይዞ እንዲመጣ መለሰለት።